ቴምፕኤፍኤስ ራማችሁን እንዳይጨርሰው ገደብ አወጣጥ

በሊኑክስ ማሽን ላይ የቦታ አጠቃቀምን የሚያሳየውን «ዲኤፍ -ኤች» የተባለ ትእዛዝ ስታስኬዱ ከዲስኮቹ መሀል «ቴምፕኤፍኤስ» የሚሉ መስመሮች ብቅ ይላሉ። ብዙ ሰው ዐይኑን ትልቁ ዲስክ ላይ አሳርፎ እነሱን ያልፋቸዋል። እኔ አዲስ ሰርቨር ስረከብ ቀድሜ የማየው እነሱን ነው። እዚያ የተጻፈው «3.9ጂ» የዲስክ ቦታ አይደለም። ራም ነው። ቴምፕኤፍኤስ ፋይሎቹን ዲስክ ላይ ሳይሆን ራም ውስጥ የሚያስቀምጥ የፋይል ሲስተም ነው፤ ራሙም ዳታቤዙ፣ አፕሊኬሽኑና የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ራሱ የሚሻሙበት ያው ራም ነው።

ቁጥሩ አስቀድሞ የተያዘ ቦታም አይደለም። ጣሪያ ነው። ፎልደሩ ባዶ ከሆነ የሚወስደው ራም ከቁጥር አይገባም። ፋይል ሲጻፍበት ይወስዳል፣ ፋይሉ ሲጠፋ ይመልሳል። ችግሩ ጣሪያዎቹ እርስ በርስ አለመተዋወቃቸው ነው። አንዱ የራሙን ግማሽ ይፈቅዳል። ሌላውም ግማሹን ይፈቅዳል። ሦስተኛው አንድ አምስተኛውን። ድምሩ ስንት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ይህን ድምር መሥራት የእኛ ሥራ ነው፤ ከዚህ በታች ያለውም በአብዛኛው ስለዚሁ ድምር ነው።

ትእዛዞቹንና የፋይል አድራሻዎቹን እንደሚነበቡ በራሳችን ፊደል ጽፌያቸዋለሁ። ተርሚናል ላይ ስትተይቡ በተለመደው የላቲን አጻጻፋቸው አስገቧቸው።

ምን ምን እንዳላችሁ እዩ

«ፋይንድኤምኤንቲ -ቲ ቴምፕኤፍኤስ» ማሽኑ ላይ ያሉትን ቴምፕኤፍኤሶች ከነአማራጮቻቸው ይዘረዝራል። «ዲኤፍ -ኤች -ቲ ቴምፕኤፍኤስ» ደግሞ የእያንዳንዱን ጣሪያና አሁን የተያዘውን ያሳያል። ሁለቱንም አሂዱና ውጤቱን አንድ ቦታ ያዙት።

8 ጊጋባይት ራም ያለው፣ ሲስተምዲ (አገልግሎቶችን የሚያስነሣና የሚያስተዳድር ፕሮግራም) የሚጠቀም ማሽን እንውሰድ። በሲስተምዲ ዲፎልት ፕሮግራሞች ሜሞሪ የሚጋሩበት «/ዴቭ/ኤስኤችኤም» የራሙ 50 በመቶ ነው። ጊዜያዊ ፋይሎች የሚቀመጡበት «/ቴምፕ» ራም ላይ ከተደረገ እሱም 50 በመቶ። ፌዶራ ከ18ኛው እትሙ ጀምሮ «/ቴምፕ»ን ወደ ራም ወስዶታል፤ ዴቢያንም በ2025 በወጣው 13ኛ እትሙ ተከትሎታል። ስለዚህ ማሽን ስታሻሽሉ ይህ ነገር ሳታስቡት ሊለወጥባችሁ ይችላል። አገልግሎቶች ሲሠሩ የሚጠቀሙበት «/ራን» 20 በመቶ ነው። ሎግኢን ላደረገ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ «/ራን/ዩዘር» ስር የሚከፈተው ደግሞ 10 በመቶ። አንድ ሰው ብቻ ገብቶ ድምሩ 130 በመቶ ይሆናል። ሦስት ሰው ከገባ 150።

ቴምፕኤፍኤስን በእጅ ማውንት ስታደርጉ (ከአንድ ፎልደር ጋር ስታያይዙት) «ሳይዝ» የሚለውን ካልጻፋችሁ ከርነሉ የራሙን ግማሽ ይሰጣል። ስዋፕ፣ ማለትም ራም ሲጠብ ዲስክ ላይ የሚያዘው ተጨማሪ ቦታ፣ በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። መቶኛው የሚሰላው ማውንት በተደረገበት ቅጽበት ነው። ቨርቹዋል ማሽን ላይ ሳታጠፉት ራም ብትጨምሩ ጣሪያው ባለበት ይቀራል።

ሲሞላ ምን ይሆናል?

ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው።

የመጀመሪያው፣ ራሙ ሳያልቅ ጣሪያው ይደረሳል። የሚጽፈው ፕሮግራም «ኖ ስፔስ ሌፍት ኦን ዲቫይስ» የሚለውን ስህተት ያገኛል። እሱ ይቆማል፣ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ማን እንዳጠፋም ወዲያው ይታወቃል። ጣሪያ የሚሠራው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው፣ ጣሪያው ሳይደረስ ራሙ ያልቃል። ያኔ ከርነሉ ኦኦኤም ኪለርን ይጠራል፤ ይህ ሜሞሪ ለማስለቀቅ ፕሮግራም የሚገድል የከርነሉ ክፍል ነው። ኦኦኤም ኪለር የሚያየው ፕሮሰሶችን ነው፤ ብዙ ሜሞሪ የያዘውን መርጦ ይገድላል። በቴምፕኤፍኤስ ላይ ተጽፎ የተቀመጠ ፋይል ግን የማንም ፕሮሰስ ሜሞሪ ሆኖ አይቆጠርም። የጻፈው ፕሮግራም ቢገደል እንኳ ፋይሉ እዚያው ነው፤ ራሙ አይመለስም። ስለዚህ ኪለሩ አንዱን ይገድላል፣ አይበቃውም፣ ሌላውን ይገድላል። የከርነሉ ሰነድም የቴምፕኤፍኤስ ጣሪያን ከመጠን በላይ ያበዛ ሰው ማሽኑ ሊቆለፍበት እንደሚችል ያስጠነቅቃል፤ ምክንያቱም ኦኦኤም ኪለር ያንን ሜሞሪ ማስለቀቅ አይችልም።

ከምከታተላቸው ሰርቨሮች አንዱ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ሌሊት ላይ ሪፖርት የሚያወጣ ሥራ ነበር። አንድ ትልቅ የጽሑፍ ፋይል በ«ሶርት» ይደረድራል። «ሶርት» ፋይሉ ራም ውስጥ አልበቃ ሲለው በከፊል የተደረደረውን ለጊዜው ወደ «/ቴምፕ» ይጽፋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ራም ስላነሰኝ ዲስክ ልጠቀም ነው የሚለው። እዚያ ማሽን ላይ ግን «/ቴምፕ» ራሱ ራም ነበር። ፋይሉ በየወሩ እያደገ ሄደ። አንድ ሌሊት ራሙ ሞላ፣ የተገደለው ግን ሪፖርቱ አልነበረም። ዳታቤዙ ነበር። ብዙ ሜሞሪ ይዞ የተገኘው እሱ ነውና።

ጠዋት ሎጉ ላይ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» ከሚለው መስመር ቀጥሎ የዳታቤዙ ስም ተጽፎ ይታያል። እዚያ ላይ የሚያቆም ሰው ዳታቤዙን ይከሳል፣ ሜሞሪውን ይቀንስበታል፣ ችግሩም ይመለሳል። ትንሽ ከፍ ብላችሁ አንብቡ። ከርነሉ ከመግደሉ በፊት የሜሞሪውን ሁኔታ ዘርዝሮ ይጽፋል። «ሜም-ኢንፎ» የሚለውን ክፍል ፈልጉ፤ በውስጡ «ሽሜም» የሚል ቃልና ከጎኑ ቁጥር አለ። ቁጥሩ በፔጅ ነው፤ ፔጅ ከርነሉ ሜሞሪን የሚከፋፍልበት መለኪያ ነው። የተለመደው ፔጅ 4,096 ባይት ነው። «ሽሜም፦1310720» የሚል ብታገኙ 5 ጊጋባይት ማለት ነው። በ8 ጊጋባይት ማሽን ላይ 5 ጊጋባይቱ እዚያ ከተቀመጠ ጥፋቱ የዳታቤዙ አይደለም።

ማሽኑ በሕይወት እያለ ለማየት «ፍሪ -ኤም» በሉና «ሼርድ» የሚለውን ዓምድ ተመልከቱ። «/ፕሮክ/ሜምኢንፎ» ውስጥም «ሽሜም» የሚለው መስመር ያንኑ ይነግራችኋል። የቴምፕኤፍኤስ ፋይሎች «ባፍ/ካሽ» በሚለው ዓምድ ውስጥም ይቆጠራሉ። «ካሽ ነው፣ ሲያስፈልግ ይለቀቃል» ብሎ መዝናናት እዚህ ላይ አይሠራም። የዲስክ ካሽ ዋናው ቅጂ ዲስክ ላይ ስላለ ይለቀቃል። የቴምፕኤፍኤስ ፋይል ግን ዋናውም ቅጂውም ራሱ ነው። ስዋፕ ካለ ወደዚያ ይገፋል፤ ከሌለ የትም አይሄድም። የምታምኑት ዓምድ «አቬይለብል» ይሁን፤ እሱ ይህንን ከግምት አስገብቷል።

አንድ ማስተዋል ያለባችሁ ነገር፦ «ሽሜም» ሙሉ በሙሉ ቴምፕኤፍኤስ ላይሆን ይችላል። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ የሚጋራው የሜሞሪ ቋትም እዚያ ይቆጠራል፣ በ«ዲኤፍ» ግን አይታይም። በ«ሜምኤፍዲ» የሚፈጠሩ፣ ፎልደር የሌላቸው የራም ፋይሎችም እንደዚያው ናቸው። የ«ዲኤፍ»ን ድምር ከ«ሽሜም» ላይ ቀንሱ፤ የቀረው ትልቅ ከሆነ ፍለጋችሁን ወደ ፕሮሰሶቹ አዙሩ።

ቁጥሩን መምረጥ

መቶኛ አልወድም። መቶኛ ማሽኑ ላይ ምን እንደሚሠራ አያውቅም። እኔ የምሠራው እንደ ወር በጀት ነው፤ መጀመሪያ ግዴታው ይወጣል፣ ከዚያ የተረፈው ይከፋፈላል።

ያንኑ 8 ጊጋባይት ማሽን እንያዝ፤ ስዋፕ የለውም። «ሜምቶታል» 7.8 አካባቢ ያሳያል፤ ቀሪውን ከርነሉ ሲነሣ ይዞታል። ዳታቤዙ ሥራ ሲበዛበት 4 ጊጋባይት ይደርሳል። አፕሊኬሽኑ 1.5። ሌሎቹ አገልግሎቶችና ከርነሉ 0.7። ድምሩ 6.2 ነው። 1.6 ይቀራል። ይህን በሙሉ ለቴምፕኤፍኤስ አልሰጥም። ዳታቤዙ ዲስክ ሲያነብ ካሽ ያስፈልገዋል፣ ካሽ ካጣ ሁሉ ነገር ይንቀራፈፋል። ግማሹን ለካሽ እተዋለሁ። ለቴምፕኤፍኤሶች ሁሉ የቀረኝ 800 ሜጋባይት ገደማ ነው።

አከፋፈሉ እንዲህ ነው። ለ«/ቴምፕ» 400 ሜጋባይት። ለ«/ዴቭ/ኤስኤችኤም» 256፤ ፖስትግሬስ አንድን ጥያቄ ለብዙ ፕሮሰስ ከፋፍሎ ሲሠራ እዚያ ነው የሚጻጻፈው፣ ባዶ ነው ብላችሁ አትቁረጡት። ለ«/ራን» 96። ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ 32፣ ሁለት ሰው ይገባል ብለን 64። ድምሩ 816 ሜጋባይት። ሁሉም በአንድ ጊዜ እስከ አፋቸው ቢሞሉ እንኳ ማንም አይገደልም። ይህን ማለት ስችል ነው ሥራው አለቀ የምለው።

«/ራን»ን ከዚህ በታች አታውርዱት። ሲስተምዲ «ዴመን-ሪሎድ» (ቅንብርህን እንደገና አንብብ) ሲባል እዚያ ቢያንስ 16 ሜጋባይት ነጻ ካላገኘ አላደርግም ይላል። ሎጉን ዲስክ ላይ የማያስቀምጥ ማሽን ከሆነ ደግሞ ጆርናሉም «/ራን» ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ለእሱም ቦታ አስቡለት።

እና 400 ሜጋባይት የማይበቃው ሥራስ? ወደ ዲስክ ይሂድ። «ቴምፕዲአይአር» የሚባለውን ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል «/ቫር/ቴምፕ» አድርጉለት። «ሶርት» ከሆነ «-ቲ» ብሎ ፎልደር መስጠት ይበቃል። የሌሊቱን ሪፖርት የፈታው ይኼ አንድ ለውጥ ነው። ትልቅ ጊዜያዊ ፋይል ራም ላይ ቦታ የለውም።

ገደቡን ማስገባት

ማሽኑን ሳታጠፉ፣ ፋይሎቹም ሳይጠፉ መለወጥ ይቻላል። ሩት ሆናችሁ፦

«ማውንት -ኦ ሪማውንት,ሳይዝ=400ኤም /ቴምፕ»

«ኬ»፣ «ኤም»፣ «ጂ» ወይም የመቶኛ ምልክት መጠቀም ይቻላል። ወዲያው በ«ዲኤፍ» አረጋግጡ። አሁን የተያዘው ከአዲሱ ጣሪያ በላይ ከሆነ ከርነሉ እምቢ ይላል፤ የከርነሉ መልእክቶች በሚታዩበት «ዲመሴጅ» ውስጥ አሁን ላለው አጠቃቀም ያንሳል የሚል መልእክት ታገኛላችሁ። መጀመሪያ ፋይል አጥፉ፣ ከዚያ ድገሙት። ሌላም እምቢታ አለ። «ሳይዝ=0» ተብሎ ማውንት የተደረገ ቴምፕኤፍኤስ ገደብ የለውም ማለት ነው፣ በኋላ በሪማውንት ገደብ ላውጣለት ቢሉት አይሆንም። ነቅሎ እንደገና ማውንት ማድረግ ግድ ነው። ዜሮ የጻፈ ሰው ብዙ ጊዜ «ምንም አትፍቀድ» ማለቱ ነው፤ ከርነሉ ግን የፈለጋችሁትን ያህል ውሰዱ ብሎ ነው የሚረዳው።

ይህ ለውጥ ሪስታርት ሲደረግ ይጠፋል። እንዲቆይ፣ ማሽኑ ሲነሣ ምን ማውንት እንደሚደረግ በሚዘረዝረው «/ኢቲሲ/ኤፍኤስታብ» ውስጥ አንድ መስመር አስገቡ፦

«ቴምፕኤፍኤስ /ቴምፕ ቴምፕኤፍኤስ ሳይዝ=400ኤም,ኤንአር_አይኖድስ=100ኬ,ሞድ=1777,ኖሱይድ,ኖዴቭ 0 0»

ሲስተምዲ ለ«/ቴምፕ» የራሱ «ቴምፕ.ማውንት» ቢኖረውም ኤፍኤስታብ ላይ የተጻፈው ይበልጠዋል። «/ዴቭ/ኤስኤችኤም»ን እና «/ራን»ን ሲስተምዲ ገና ሲነሣ ራሱ ነው የሚከፍታቸው፤ የኤፍኤስታቡን አማራጭ ግን በኋላ ሪማውንት አድርጎ ያስገባላቸዋል። ስለዚህ ለነሱም ተመሳሳይ መስመር ይሠራል። የተጠቃሚዎቹ ግን እዚህ አይገባም። «ሎጊንድ.ኮንፍ» ውስጥ «ራንታይም-ዳይሬክተሪ-ሳይዝ» የሚለውን 32ኤም አድርጉት፤ ስሙን አያይዛችሁ ነው የምትጽፉት።

ኤፍኤስታብን ትታችሁ «ሲስተምሲቲኤል ኤዲት ቴምፕ.ማውንት» የምትሉ ካላችሁ፣ «ኦፕሽንስ» የሚለው መስመር የድሮውን ሙሉ በሙሉ እንደሚተካ አስታውሱ። «ሳይዝ» ብቻ ከጻፋችሁ «ኖሱይድ» እና «ኖዴቭ» የተባሉት የደህንነት አማራጮች አብረው ይጠፋሉ። ሁሉንም ድገሙና ጻፉ።

ከጨረሳችሁ በኋላ ማሽኑን በሚመች ሰዓት አንዴ ሪስታርት አድርጉት። የኤፍኤስታብ ስህተት ከሁሉም የሚያስጠላው ማንም ባላሰበው ቀን ሲገኝ ነው።

አይኖድ፣ የተረሳው ጣሪያ

«ሳይዝ» የሚገድበው የፋይሉን ይዘት ነው። ፋይሉ መኖሩ በራሱ ግን ሜሞሪ ይፈጃል፤ ለአንድ ፋይል አይኖዱ (ከርነሉ ስለ ፋይሉ የሚይዘው መዝገብ) እና ስሙ ተደምረው ወደ 1 ኪሎባይት የሚጠጋ የከርነል ሜሞሪ ይወስዳሉ። ይህ በ«ሳይዝ» ውስጥ አይቆጠርም። ወደ ስዋፕም አይወጣም። ከርነሉ በዲፎልት የሚፈቅደው የአይኖድ ብዛት ከራሙ ፔጆች ግማሹን ያህል ነው። በ8 ጊጋባይት ማሽን አንድ ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። እንግዲህ አስቡት፤ ጣሪያውን 64 ሜጋባይት ያደረጋችሁት ፎልደር በባዶ ፋይሎች ብቻ አንድ ጊጋባይት ሊበላ ይችላል፣ «ዲኤፍ -ኤች» ግን ዜሮ ይላችኋል።

ለዚህ ነው ከላይ «ኤንአር_አይኖድስ=100ኬ» የጻፍኩት። «ዲኤፍ -አይ» ብላችሁ የተያዘውን እዩ። ቦታ ሞልቶ ተርፎ እያለ «ኖ ስፔስ ሌፍት» የሚል ስህተት ከመጣ መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው፤ ሴሽን ፋይሎችን የሚፈጥርና የማያጠፋ ፕሮግራም ታገኛላችሁ።

በተቃራኒው ደግሞ 100 ባይት ያላት ፋይል ሙሉ ፔጅ፣ 4,096 ባይት ትይዛለች። ብዙ ጥቃቅን ፋይል የሚጻፍበት ፎልደር ከሆነ በፋይሎቹ መጠን ሳይሆን በብዛታቸው አስሉ።

ራምኤፍኤስ፣ ስዋፕ

ራምኤፍኤስ የሚባለው የቴምፕኤፍኤስ ዘመድ ላይ ገደብ የለም። «ሳይዝ=10ኤም» ብላችሁ ማውንት ብታደርጉት አይቃወምም፣ ግን ቁጥሩን ከምንም አይቆጥረውም። ወደ ስዋፕም አይወጣም። ራሙ እስኪያልቅ ይጽፋል። ከሩት ሌላ ማንም እንዲጽፍበት አትፍቀዱ፤ ከቻላችሁም አትጠቀሙት። የይለፍ ቁልፍ የመሰለ ነገር ስዋፕ ዲስክ ላይ እንዳይወርድ ፈልጋችሁ ከሆነ፣ ከከርነል 6.4 ጀምሮ ቴምፕኤፍኤስ «ኖስዋፕ» የሚል አማራጭ አለው። ጣሪያውም ይቀራል፣ ምስጢሩም ራም ውስጥ ይቆያል።

ስዋፕ ያለው ማሽን ላይ በጀቱ ትንሽ ሊላላ ይችላል፤ የማይነካ ፋይል ወደዚያ ይወጣል። እኔ ግን ስዋፕን ለበጀት አልቆጥረውም።

ስህተት ሳይናገር የሚሞት ፕሮግራም

በ«/ዴቭ/ኤስኤችኤም» ላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞች አብዛኛውን ጊዜ በ«ራይት» አይጽፉም። ፋይል ይፈጥራሉ፣ በ«ፍትራንኬት» መጠኑን ይወስናሉ፣ በ«ኤምማፕ» ሜሞሪያቸው ላይ ይዘረጉታል። መጠኑን መወሰን ብቻውን ራም አይወስድም። 1 ጊጋባይት ጣሪያ ባለው ቴምፕኤፍኤስ ላይ 10 ጊጋባይት የሚል ፋይል መፍጠር ትችላላችሁ፤ «ኤልኤስ» 10 ጊጋባይት ይላል፣ «ዲዩ» ዜሮ። ራሙ የሚወሰደው እያንዳንዱ ፔጅ ሲነካ ነው።

ጣሪያው የተደረሰው በዚህ መሀል ከሆነ ከርነሉ ስህተት የሚመልስበት መንገድ የለውም፤ ፕሮግራሙ አንድ ቁጥር ሜሞሪ ላይ እያስቀመጠ ነበር እንጂ ምንም ፈንክሽን አልጠራም። ስለዚህ «ሲግባስ» የሚባል ምልክት ይልክበትና ይገድለዋል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው «ባስ ኤረር» የሚል ብቻ ነው። ስለ ቦታ አንድም ቃል የለም። የማሽን ለርኒንግ መሣሪያ በሆነው ፓይቶርች ውስጥ ዳታ በብዙ ወርከር (ጎን ለጎን በሚሠሩ ፕሮሰሶች) የሚጭን ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ሰዎች ራሙ ተበላሽቷል ብለው ሃርድዌር ሲፈትሹ አይቻለሁ። «ባስ ኤረር» ስታዩ መጀመሪያ «ዲኤፍ -ኤች /ዴቭ/ኤስኤችኤም» በሉ።

ኮድ የምትጽፉ ከሆነ ከ«ፍትራንኬት» ቀጥሎ «ፖዚክስ_ፎልአሎኬት» ጥሩ። እሱ ፔጆቹን አስቀድሞ ያስይዛል፤ ቦታ ከሌለ በቀጥታ ስህተት ይመልሳል። ፖስትግሬስ የሚያደርገው እንዲህ ነው። ስለዚህም ነው ቦታ ሲጠበው በድንገት ከመሞት ይልቅ የጋራ ሜሞሪውን ማስፋት አልቻልኩም የሚል ንጹሕ መልእክት የሚጽፈው።

ኮንቴይነር ውስጥ

ኮንቴይነር ፕሮግራምን ከሌላው ለይቶ የሚያስኬድ ሳጥን ነው፤ እዚህ ሁለት ገደቦች ተደራርበው ይሠራሉ። አንዱ የቴምፕኤፍኤሱ ጣሪያ ነው። ሌላው የኮንቴይነሩ የሜሞሪ ገደብ፣ ማለትም ከርነሉ የፕሮሰሶችን ቡድን የሚገድብበት ሲግሩፕ። በቴምፕኤፍኤስ ላይ የተጻፈ ፔጅ መጀመሪያ የነካው ፕሮሰስ ባለበት ሲግሩፕ ላይ ይመዘገባል።

ኮንቴይነሮችን የሚያስኬደው ዶከር ለ«/ዴቭ/ኤስኤችኤም» በዲፎልት የሚሰጠው 64 ሜጋባይት ነው። ለዳታቤዝም ለብራውዘርም ጠባብ ነው። «--ኤስኤችኤም-ሳይዝ=256ኤም» ብላችሁ ታሰፉታላችሁ። ሰው ግን እዚህ ላይ ያቆማል። የኮንቴይነሩ የሜሞሪ ገደብ 512 ሜጋባይት ከሆነና ፕሮግራሙ ራሱ 400 የሚወስድ ከሆነ፣ 256ቱ ሳይሞላ ኮንቴይነሩ ይገደላል። አንዱን ስታሳድጉ ሌላውንም አሳድጉ።

በ«--ቴምፕኤፍኤስ» ተጨማሪ ፎልደር ስትከፍቱ ደግሞ «ሳይዝ» ሳትጽፉ አትለፉ። ግማሽ የሚባለው የኮንቴይነሩ ገደብ ግማሽ አይደለም፤ የሆስቱ፣ ማለትም ኮንቴይነሩን የሚያስኬደው ማሽን፣ ራም ግማሽ ነው። 64 ጊጋባይት ባለው ሆስት ላይ 512 ሜጋባይት የተፈቀደለት ኮንቴይነር ውስጥ «ዲኤፍ» 32 ጊጋባይት አለላችሁ ይላል። ፕሮግራሙም ያንን አምኖ ይጽፋል። ኩበርኔትስ ላይ «ኤምፕቲዲር» በ«ሜሞሪ» ስትጠቀሙ «ሳይዝ-ሊሚት» የሚለውን አትርሱ፤ የሚጻፈውም በኮንቴይነሩ የሜሞሪ ገደብ ላይ ይቆጠራል።

ምን ያህሉ በቴምፕኤፍኤስ እንደተያዘ ለማየት የሲግሩፑን «ሜሞሪ.ስታት» ክፈቱና «ሽሜም» የሚለውን መስመር አንብቡ። ቁጥሩ በባይት ነው።

ኮንቴይነር ሳትጠቀሙ ለአንድ አገልግሎት ብቻ የራሱ የሆነ ትንሽ ቴምፕኤፍኤስ መስጠትም ይቻላል። በሲስተምዲ ዩኒት ፋይል ውስጥ «ቴምፖራሪ-ፋይል-ሲስተም» በሚለው ቅንብር ፎልደሩን፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ «ሳይዝ=50ኤም» ትጽፋላችሁ። «ፕራይቬት-ቴምፕ» ከዚህ የተለየ ነው። እሱ ፎልደሩን ከሌሎች ይለያል፣ አገልግሎቱ ሲቆምም ያጸዳል፣ የራሱ ጣሪያ ግን የለውም፤ ከዋናው «/ቴምፕ» ነው የሚበላው።

ፈትኑት

ገደብ አውጥታችሁ ሳትፈትኑት አትሂዱ። በሙከራ ማሽን ላይ «ዲዲ»ን ተጠቅማችሁ ከ«/ዴቭ/ዜሮ» ወደ «/ቴምፕ/ሙከራ» በ1 ሜጋባይት እየከፈላችሁ ጻፉ። ወደ 400ኛው ላይ መቆም አለበት። በ«ትራንኬት» አትፈትኑ፤ ከላይ እንዳልኩት እሱ ራም አይነካም፣ ሁሌም አለፍኩ ይላችኋል። ሲቆም «ፍሪ -ኤም» በሉና «አቬይለብል» ምን ያህል እንደቀረ እዩ። ፋይሉን አጥፉ። «ሼርድ» ካልወረደ አንድ ነገር ይዞታል ማለት ነው።

ያ የያዘው ነገር ብዙ ጊዜ የጠፋውን ፋይል ከፍቶ የተቀመጠ ፕሮሰስ ነው። «አርኤም» የሚያጠፋው ስሙን ነው፤ የከፈተው ፕሮሰስ እስኪዘጋው ድረስ ራሙ አይመለስም። «ዲዩ» ትንሽ፣ «ዲኤፍ» ትልቅ ሲያሳዩ ምልክቱ ይኼ ነው። «ኤልኤስኦኤፍ +ኤል1» ስሙ የጠፋ ግን የተከፈተ ፋይል የያዙትን ይዘረዝራል። ፕሮሰሱን ሪስታርት አድርጉት። ማቆም ካልተቻለ «/ፕሮክ» ውስጥ በፕሮሰሱ ቁጥር ስር «ኤፍዲ» ፎልደር አለ፤ እዚያ ያለውን ፋይል በ«ትራንኬት -ኤስ 0» ባዶ ማድረግ ይቻላል። ሎግ ከሆነ ብዙም አይጎዳም። የዳታቤዝ ፋይል ከሆነ ግን በጭራሽ አትንኩት።

ፍሪቢኤስዲ በተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ የምትሠሩ ከሆነ በጀቱ ያው ነው፣ ዲፎልቱ ግን ይለያል። እዚያ «ሳይዝ» ካልተጻፈ ቴምፕኤፍኤስ ያለውን ሜሞሪ በሙሉ፣ ስዋፑንም ጨምሮ፣ የራሱ አድርጎ ያያል። ግማሽ የሚባል ነገር የለም። እዚያ ማሽን ላይ ኤፍኤስታብን ክፈቱና «ሳይዝ» የሌለው የቴምፕኤፍኤስ መስመር ካገኛችሁ ዛሬውኑ ቁጥር ጻፉለት።